የምትወዷትን ፍየል ወደ አዲስ ቤት ስትሸኙ፦ ለባሕር ዳርና ለጣና ዳር ቤተሰቦች ዝርዝር መመሪያ

ፍየል ይዞ ከተማ ውስጥ መኖር እየከበደ መጥቷል። ባሕር ዳር ላይ ትናንት ሣር የነበረበት ክፍት ቦታ ዛሬ ታጥሯል ወይም ተገንብቶበታል። አከራዩ "እንስሳ አልፈልግም" ይላል። ኮንዶሚኒየም የደረሰው ቤተሰብ ፍየሏን የሚያስገባበት ቦታ የለውም። ልጆቹ ለትምህርት ወጥተው፣ የቀሩት ትልልቅ ሰዎች ቅጠል መሸከም ያቃታቸው ቤቶችም አሉ። በመጨረሻ አንዱ ደፍሮ ይናገራል፦ "ይህችን ፍየል ለሚያኖራት ሰው እንስጣት።"

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ይከብዳል። እናቷ ሞታባት በጡጦ ያደገች፣ ስሟ ሲጠራ ከጓሮ የምትመልስ ፍየል ከሆነች ደግሞ ይብሳል። "ለፍየል ይለቀሳል እንዴ?" የሚል ሰው አይጠፋም። አዎ፣ ይለቀሳል። አብራችሁ ያደረች፣ አብራችሁ ያደገች ናት።

እኛም ቦቄ የምትባል፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት ፍየል ነበረችን። ዘንዘልማ አካባቢ ላለ ገበሬ ቤተሰብ ሰጥተናታል። ከዚያ የተማርኩትንና ከእንስሳት ሐኪሞች የሰማሁትን ነው እዚህ የማካፍላችሁ። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ያዙልኝ። ስንብቱ የሚጀምረው ከመሄጃዋ ቀን ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ ነው። ያን ወር በደንብ ከሠራችሁበት የመጨረሻው ቀን አጭር ይሆናል፤ ለእሷም ለእናንተም ይቀላል።

1. ጊዜውን ምረጡ

በዓል ሲቃረብ ፍየል አትስጡ። እንቁጣጣሽ፣ ገና፣ ፋሲካ፣ አረፋ ሲደርስ ገበያው ይሞቃል፣ ዋጋው ይወጣል። ተቀባዩ ክፉ ሰው ባይሆንም እንኳ ልጆቹ "ለበዓል ምን አለን?" ሲሉት በሩ ላይ የታሰረችው ፍየል ትታየዋለች። ለአንድ ቤተሰብ ከባድ ፈተና ነው። በዓሉ ይለፍ።

ክረምቱም አይመችም። ባሕር ዳር በዓመት ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ፍየል ዝናብና ጭቃ አትወድም። በማታውቀው ጋጣ፣ በማታውቀው መንጋ ውስጥ እየራሰች ካደረች ቶሎ ትታመማለች። ሚያዝያና ግንቦት ደግሞ መኖ የሚሳሳበት ጊዜ ነው። ለእኔ ጥቅምትና ኅዳርን የሚያህል የለም። ቅጠሉ አለ፣ መሬቱ ደርቋል፣ የገና ግርግርም ገና ነው።

እርጉዝ ከሆነች ቀኑን ቁጠሩ። ፍየል የምታረግዘው 150 ቀን ገደማ ነው። በመጨረሻው ወር አታንቀሳቅሷት። ከወለደችም ግልገሎቿ ሦስት ወር እስኪሞላቸው ብትጠብቁ ጥሩ ነው። ካልተቻለ ከነግልገሎቿ ትሂድ።

2. ቤቱን ሄዳችሁ እዩ

በስልክ ብቻ ተነጋግራችሁ አትስጡ። ሂዱ፣ ግቢውን ዙሩ፣ ቡናቸውን ጠጡ፣ ሰዎቹንም እዩ።

መጀመሪያ የምታዩት ሌላ ፍየል መኖሩን ነው። ፍየል በመንጋ የምትኖር እንስሳ ናት። ብቻዋን ከቀረች ትጮኻለች፣ መብላት ትቀንሳለች፣ ትከሳለች። ከሰው ጋር ያደገች ደግሞ ሰውም ፍየልም ስታጣ በጣም ትጎዳለች። ሌላ ፍየል ከሌለ ቢያንስ በግ ይኑር። ሁለት ፍየል ካላችሁ አትነጣጥሏቸው።

ቀጥሎ ማደሪያዋን እዩ። ጅብ የሚገባበት ቀዳዳ አለው? በሩ በምን ይዘጋል? ወለሉ ውኃ ይቋጥራል? ከመሬት ከፍ ያለ የእንጨት ርብራብ ካለው እሰየው። ሽንቱና ፋንድያው ወደ ታች ይወርዳል፣ እግሯም ደረቅ ይሆናል።

ውሎዋንም ጠይቁ። ማን ነው የሚጠብቃት? ልጅ ከሆነ ትምህርት ቤት ሲሄድስ? አጠገባቸው የማን ማሳ አለ? ከሰው እህል የገባች ፍየል ዱላ ይጠብቃታል፤ ለጎረቤት ጠብም ምክንያት ትሆናለች። በከተማ ግቢ ያደገች ፍየል ማሳና ሜዳ ለይታ አታውቅም። ይህን ለሰዎቹ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ስለ አካባቢው ሁለት ነገር ልበል። የጣና ዳር ሲታይ ያምራል፤ ለፍየል ግን ሁሉም ቦታ አይሆንም። ረግረጉ የጉበት ትልን የሚያስተላልፈው ትንሽ ቀንድ አውጣ የሚራባበት ቦታ ነው። ፍየሏ እዚያ ሣር ስትግጥ ትሉን አብራ ትወስዳለች። የፎገራ ሜዳ ላይም ክረምት ውኃ ይተኛል። ቁጥቋጦና ትንሽ ተዳፋት ያለበት፣ ከሐይቁ ራቅ ያለ ቤት ካገኛችሁ እሱን ምረጡ። ፍየል ሣር ከመጋጥ ቀና ብላ ቅጠል መቀንጠብ ይቀናታል።

ሌላው ዘጌ ነው። እዚያ ዘመድ ያለው ሰው ደኑንና ጥላውን አይቶ "እዚያ ብንወስዳትስ?" ይላል። ዘጌ ላይ ግን በበሬ አለማረስና ከብት አለማርባት ከገዳማቱ ጋር አብሮ የቆየ ሥርዓት ነው። ደኑና ቡናው እስከ ዛሬ የቆየበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ሳትጠይቁ ፍየል ጭናችሁ ወደዚያ አትሂዱ።

አጥሩንም እዩ። የወፍ ቆሎ ለአጥር በብዛት ይተከላል፤ ብዙ ከበላችው ግን ጉበቷን ይጎዳል፣ ቆዳዋም ፀሐይ መቋቋም ያቅተዋል። የጉሎ ፍሬም መርዝ ነው። መሬት ላይ የወደቀ ፌስታል ካለ ለምኑና አስነሡት። ፌስታል ሆዷ ገብቶ ከተጠራቀመ አይወጣም።

3. "ትታረዳለች ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ

ብዙ ሰው የሚሸሸው እዚህ ላይ ነው። ይሉኝታ ይይዘናል። "ስጦታ እየሰጠሁ እንዴት እንዲህ እላለሁ?" እንላለን። ከዚያ ፋሲካ ማግሥት ደውለን "ፍየሏስ እንዴት ናት?" ስንል በወዲያኛው በኩል ዝምታ ይሆናል። ሰውየው አላታለለንም። እኛ አልጠየቅነውም፣ እሱም ፍየል የተሰጠው መስሎት ተቀብሏል። በአገራችን ፍየል ለብዙ ሰው ሀብትም ምግብም ናት፤ ሊፈረድበት አይገባም። ስለዚህ ኃላፊነቱ የሚሰጠው ሰው ላይ ነው።

ጥያቄው በአክብሮትና በግልጽ ይነገር። ለምሳሌ እንዲህ፦

"አያ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ፣ ቅር እንዳይልዎ። ይህችን ፍየል የምሰጥዎ እንድትኖር ነው። ልጆቼ አብረዋት አድገዋል። ወደፊት ለማረድም ሆነ ለመሸጥ ቢያስቡ መጀመሪያ ለእኔ ይደውሉልኝ። ዋጋዋን ከፍዬ እወስዳታለሁ።"

ይህን የሰማ ሰው ወይ በደስታ ይቀበላል፣ ወይ "እኔስ ቃል መግባት አልችልም" ይላል። እንዲህ የሚላችሁን ሰው አመስግኑት። እውነቱን ነግሯችኋል።

መስጠቱ በሦስት መንገድ ሊሆን ይችላል፦ መሸጥ፣ በነጻ መስጠት፣ ለርቢ መስጠት። ሴት ፍየል ከሆነች እኔ የምመርጠው ርቢን ነው። በርቢ ፍየሏ የእናንተ ሆና ትቀጥላለች። ተቀባዩ ያኖራታል፣ የምትወልደውን ትካፈላላችሁ። አብዛኛውን ጊዜ እኩል ነው። የሚጠቅማችሁ ግልገሉን ማግኘት ብቻ አይደለም። ሰውየው ያለ እናንተ ፈቃድ አይሸጣትም፣ አያርዳትም። እናንተም ለመጠየቅ ስትሄዱ እንደ ባለቤት ትገባላችሁ። የሕክምናው ወጪ በማን እንደሆነ፣ ብትሞት ምን እንደሚደረግ፣ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ አጭር ወረቀት ላይ አስፍሩት። ሁለት ሦስት እማኝ ይኑር። ዘመድ ቢሆንም ይጻፍ፤ ወረቀቱ ዝምድናውን ያቆየዋል።

ሙክት ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። አይወልድም፣ እዚህ አካባቢ ፍየል በዋናነት የሚያዘው ለግልገልና ለሥጋ ነው። ገበሬ ሙክትን ለዓመታት እንዲቀልብ መጠበቅ ሸክም መጫን ነው። በደህና የተያዘ ፍየል ደግሞ ከ10 ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ሙክታችሁ እንዲኖር ከፈለጋችሁ የመኖውን ወጪ በየወሩ ወይም በየሩብ ዓመቱ ለመጋራት ተዘጋጁ። ይህን ማድረግ የማትችሉ ከሆነ የሚሆነውን ዐውቃችሁ ወስኑ፤ ለልጆቹም ሌላ ታሪክ አትፍጠሩ።

4. ጤናዋን አስመርምሩ

ከመሄዷ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ወደ እንስሳት ጤና ክሊኒክ ውሰዷት። ክትባት ተሰጥቶ ሰውነቷ መከላከያ እስኪሠራ ጊዜ ይፈልጋል። በተለይ ሁለቱን ጠይቁ፦ የበግና ፍየል ደስታ መሰል በሽታንና ፈንጣጣን። ደስታ መሰል አንድ መንጋ ውስጥ ከገባ ብዙ ይገድላል። ያልተከተበች ፍየል ወስዶ ሌላ ሰው መንጋ ውስጥ መቀላቀል ለሰውየውም አይገባም። የተከተበችበትን ቀን የያዘ ወረቀት ተቀበሉ።

የትል መድኃኒት ሐኪሙ አይቶ ይስጥ። አልቤንዳዞል የሚባለው በእርግዝና የመጀመሪያ ወር አይሰጥም፤ ከአውራ ጋር ውላ ከነበረ ለሐኪሙ ተናገሩ። ሰኮናዋ ከረዘመ ይቆረጥ፤ አዲስ መንገድ፣ ድንጋይና ተዳፋት ይጠብቃታል። መዥገርና እከክም ይታይ።

መነሻዋ ቀን ላይ የማታመሰኳ፣ የምትስል፣ አፍንጫዋ የሚፈስ ወይም የሚያስቀምጣት ከሆነ አትላኳት። የፍየል የሰውነት ሙቀት በአብዛኛው ከ38.5 እስከ 39.5 ዲግሪ ነው፤ አርፋ ሳለች ከ40 ካለፈ ሐኪም ይያት።

5. መኖዋን ቀስ ብላችሁ ቀይሩ

ከተማ ያደገች ፍየል የምትበላው ልዩ ነው። የእንጀራ ፍርፋሪ፣ ፉርሽካ፣ የድንች ልጣጭ፣ የጠላ አተላ፣ አልፎ አልፎም የጫት ገረባ። ገጠር ስትሄድ የሚጠብቃት ቅጠል፣ ገለባና ድርቆሽ ነው። ይህ ለውጥ በአንድ ቀን ከሆነ ሆዷ ይታወካል።

ምክንያቱ ይህ ነው። የፍየል ትልቁ ጨጓራ ውስጥ መኖውን የሚያብላሉ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ሕዋሳት አሉ። እነሱ የለመዱትን መኖ ያውቃሉ። ድንገት ሌላ ሲመጣ እስኪለምዱ ቀናት ይፈጅባቸዋል። በዚያ መካከል ሆዷ ሊነፋ ይችላል፤ በተለይ እህል ወይም ዱቄት በብዛት ካገኘች ለሕይወቷ ያሰጋታል።

ስለዚህ ተቀባዮቹን አንድ ጆንያ የእነሱን ድርቆሽ ወይም ገለባ ለምኑ። ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ከራሷ መኖ ጋር እየቀላቀላችሁ ስጧት። መጀመሪያ ሩቡ የእነሱ ይሁን፣ ከዚያ ግማሹ፣ ከዚያ አብዛኛው። እንጀራውን እየቀነሳችሁ አቁሙ። ገረባውን ደግሞ ጭራሽ ተዉት። የጫት ቅጠል ፀረ ተባይ ሊረጭበት ይችላል፤ አዲሱ ቤትም አታገኘውም። እናንተም በተራችሁ ከለመደችው መኖ አንድ ጆንያ አብራችሁ ላኩ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የምታውቀው ጣዕም አፏ ላይ ይኑር።

6. ከአዲሶቹ ሰዎች ጋር አስተዋውቋት

ተቀባዩ ቢያንስ ሁለት ሦስት ጊዜ እናንተ ቤት ይምጣ። በእጁ አሞሌ ጨው ይያዝ። ፍየል ጨው የሚያስልሳትን እጅ አትረሳም። መጀመሪያ እናንተ አጠገቧ ቁሙ፣ ቀጥሎ ራቅ በሉ፣ በመጨረሻም ግቢውን ለቃችሁላቸው ውጡ። ከልጆቻቸው አንዱ ጠባቂዋ የሚሆን ከሆነ እሱም ይምጣ። ማን ጠባቂ እንደሚሆናት ማየት ለልጆቻችሁም ያጽናናል።

ስሟን አስተምሩት። እንዴት እንደምትጠሯት፣ በምን ድምፅ፣ ምን ስትይዙ እንደምትመጣ።

ከዚያ አንድ ገጽ ወረቀት ጻፉላቸው። በስልክ ብትነግሩ ይረሳል። በእኛ ወረቀት ላይ ይህ ነበረ፦ ስሟ፣ የተወለደችበት ወር፣ ስንት ጊዜ እንደወለደች፣ የታመመችውና የወሰደችው መድኃኒት፣ የክትባቷ ቀን፣ የምትወደው ቅጠል፣ የምትፈራው ነገር፣ የምትታከክበት ቦታ። ቦቄ የውሻ ጩኸት አይሞቃትም አይበርዳትም ነበር፤ ሞተር ሳይክል ስትሰማ ግን ገመድ ትበጥሳለች። ይህን ሳያውቁ መንገድ ዳር ቢያስሯት ኖሮ ራሷን ትጎዳ ነበር። እናንተም እንዲህ ያለውን አስቡና ጻፉ። ትንሽ የሚመስለው ነገር ነው የሚያድናት።

7. ልጆቹን አዘጋጁ

ልጅ ከትምህርት ቤት መጥቶ ባዶ ጋጣ እንዲያይ አታድርጉ። "ልትታከም ሄዳ ነው፣ ትመጣለች" ማለትም አይገባም። ልጅ ይጠብቃል። በየቀኑ ይጠይቃችኋል፣ እናንተም በየቀኑ ሌላ ውሸት ትጨምራላችሁ። በመጨረሻ እውነቱን ሲያውቅ ፍየሏንም እናንተንም ያጣ ይመስለዋል።

ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ ንገሩት። አጭርና ቀጥተኛ ይሁን፦ "ቤት ልንቀይር ነው። አዲሱ ቤት ለቦቄ ቦታ የለውም። ጓደኞች ያሏት ቦታ ትሄዳለች። እኔም ከፍቶኛል።" የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር አትዝለሉት። ወላጁ እንደከፋው ያወቀ ልጅ የራሱን ኀዘን አይደብቅም።

ልጁ ይናደድ ይሆናል። "እናንተ ናችሁ የምታባርሯት" ሊል ይችላል። አትከራከሩት፣ አትቆጡት። "አዎ፣ ውሳኔው የእኛ ነው፤ መናደድ ትችላለህ" በሉት። ከዚያ ሥራ ስጡት። አዲሱን ቤት ለማየት ስትሄዱ ይምጣ። ገመዷን እሱ ይምረጥ። በወረቀቱ ላይ "የምትወደው" የሚለውን እሱ ይሙላ። እኛ ቤት ቦቄ ጆሮዋ ሥር መታከክ እንደምትወድ ያስጻፈችው ትንሿ ልጅ ናት። ማናችንም አላስተዋልነውም ነበር።

ለአያቶችም ተጠንቀቁ። ብዙ ጊዜ ፍየሏን በየቀኑ የሚያዩት እነሱ ናቸው፤ ውሳኔው ግን እነሱ ሳይጠየቁ ያልቃል። እማማ "ምን ቸገረኝ፣ ውሰዷት" ካሉ ቃሉን ብቻ አትስሙ። ቅጠል የሚሰጧትና የሚያወሯት ሰው ማታ ማታ ምን እንደሚሠሩ እዩ። በመጨረሻው ሳምንት መኖዋን እሳቸው እንዲሰጧት ተዉላቸው። ከሄደች በኋላም ዶሮም ቢሆን፣ የጓሮ ጎመንም ቢሆን፣ ጠዋት የሚያስነሣቸው ነገር ይኑር።

8. ዋዜማው

ዋዜማውን አታግንኑት። ጎረቤት ሁሉ መጥቶ ቢያቅፋት ትጨነቃለች። የየቀኑ ሰዓቷ ይጠበቅ። ፎቶ አንሡ፤ ድምፅዋንም በስልክ ቅዱ። ሰው ፎቶ ያስባል፣ ድምፅ ይረሳል። በኋላ የሚናፍቀው ግን ድምፅዋ ነው።

የታሰረችበትን ገመድና የተኛችበትን ጆንያ አትጠቡ። አብረዋት ይሄዳሉ። ሽታው የቤቷ ሽታ ነው። ማታ መኖዋን ቀለል አድርጉ። ውኃ ግን አትከልክሏት።

9. ጉዞው

ጠዋት በጊዜ ተነሡ፤ 12 ሰዓት ተኩል ላይ አየሩ ቀዝቀዝ ያለ ነው፣ መንገዱም አይጨናነቅም። መንገዱ ክፍትና ሰላም መሆኑን ከዋዜማው ጀምራችሁ አጣሩ።

በሚኒባስ ጣሪያ ላይ አትጫን። ብዙ ጊዜ የምናየው ነገር ነው፤ ስላየነው ግን ትክክል አይሆንም። እግሯንም አራቱን አስራችሁ በጎኗ አታስተኟት። የሚያመሰኳ እንስሳ በጎኑ ለረጅም ጊዜ ከተኛ በሆዱ ውስጥ የሚፈጠረውን አየር ማግሳት ያቅተዋል፣ ይነፋል፣ ሊሞትም ይችላል።

ለአጭር መንገድ ባጃጅ ይበቃል። ከሹፌሩ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ወለሉ ላይ ጆንያና ገለባ አንጥፉ፤ አንድ የምታውቀው ትልቅ ሰው አጠገቧ ተቀምጦ ይያዛት። ገመዱ አንገቷ ላይ የማይጠብቅ ቋጠሮ ይሁን። ራቅ ካለ፣ ለምሳሌ መራዊ ወይም ሐሙሲት ከሆነ፣ ፒካፕ ይሻላል። ቆማ እንድትሄድ፣ ነፋሱ ፊቷን እንዳይመታት ከፊት በኩል ጋርዱላት። ሁለት ፍየል ከሆኑ አብረው ይጫኑ።

ወደ ደቅ ደሴት ወይም ወደ ሌላ የጣና ዳር በጀልባ የምትሄድ ከሆነ ጠዋቱን አትልቀቁ። ከሰዓት በኋላ ብዙ ጊዜ ነፋሱ ይበረታል፣ ማዕበሉም ይነሣል። ጀልባው መሃል ላይ አድርጓት። ከጀልባው እንጨት ጋር አጥብቃችሁ አትሰሯት፤ ገመዱን ሰው ይያዘው። ደንገል ታንኳ ላይ ፍየል አይጫንም።

10. በሩ ላይ

ደረሳችሁ። አሁን ነው ስንብቱ።

መጀመሪያ ውኃ ስጧት። ግቢውን በገመድ ይዛችሁ አንድ ጊዜ አዙሯት፣ ታሽት። ከነባሮቹ ፍየሎች ጋር ወዲያው አትቀላቀል። ከ2 እስከ 3 ሳምንት ለብቻዋ ትቆይ። እያዩዋት፣ እያየቻቸው፣ በአጥር ግን ተለይታ። በሽታ ይዛ ከሆነ በዚያ ጊዜ ውስጥ ይታያል። ሲቀላቀሉ በቀንድ መጋጨታቸው አይቀርም፤ ደረጃቸውን የሚለዩት እንዲሁ ነው። ቦታው ሰፊ ይሁን፣ ማምለጫም ይኑራት።

ገመዱን ለተቀባዩ የሚሰጠው ከቤቱ በዕድሜ ትልቁ ሰው ይሁን። ምርቃት ይጨመርበት፦ "ይርባላችሁ፣ ይብዛላችሁ።" እነሱም "አሜን" ይላሉ። በዚህ ቃል ኃላፊነቱ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል፤ ልጆቹም ሲያልፍ ያያሉ። መሰናበት የሚፈልግ ልጅ ተራ በተራ ይሰናበታት። የማይፈልግ ካለ አትገፋፉት። ከባጃጁ ውስጥ ሆኖ ማየትም መሰናበት ነው።

በመጨረሻ እናንተ። ጨው አስልሷት፣ ጆሮዋ ሥር እከኩላት፣ የምትሏትን በሏት። ድምፃችሁ ዝግ ያለ ይሁን። ፍየል የሰው ፊት ታነባለች። በፈረንጆቹ 2018 የታተመ ጥናት ፍየሎች ከተቆጣ ፊት ይልቅ ፈገግ ያለውን ፊት እንደሚመርጡ አሳይቷል። እንባ ቢመጣ ይምጣ፤ ግን አንገቷን ጨምቃችሁ በዋይታ አታስደንግጧት።

ከዚያ የምትወደውን ቅጠል አቅርቡላት። መብላት ስትጀምር ሂዱ። ከኋላ ስትጮኽ ትሰማላችሁ። አትመለሱ። ከተመለሳችሁ ጩኸት እናንተን እንደሚያመጣ ትማራለች፤ ሌሊቱን ሙሉ ስትጠራችሁ ታድራለች።

11. የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ሁለት ሦስት ቀን ብትጮኽ የሚጠበቅ ነው። በየማታው ደውላችሁ ሦስት ነገር ብቻ ጠይቁ፦ በላች? አመሰኳች? ፋንድያዋ ደህና ነው? ሙሉ ቀን ምንም ካልበላች ወይም የግራ ጎኗ ከተነፋ ለሐኪም ይደወል። ወጪው የእናንተ እንደሆነ አስቀድማችሁ ብትነግሯቸው ሳይሳቀቁ ይደውላሉ። የምትታለብ ከሆነች ጡቷ እንዳይጠነክርና እንዳይሞቅ ይዩላት።

መጠየቅ ስትፈልጉ ሦስት አራት ሳምንት ጠብቁ። "ትረሳናለች" ብላችሁ አትስጉ። በለንደን ኩዊን ሜሪ ዩኒቨርሲቲ የተሠራና በፈረንጆቹ 2012 የታተመ ጥናት አለ። እናት ፍየሎች ከልጆቻቸው ተለይተው ዓመት ገደማ ከቆዩ በኋላም የልጆቻቸውን ድምፅ ሲሰሙ ከሌላው ግልገል ድምፅ ይለዩ ነበር። ቶሎ መሄድ ግን መንጋዋን እንዳትለምድ ያደርጋታል። እስከዚያ ቪዲዮ በቴሌግራም ይላኩላችሁ።

ስትሄዱ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። ለቤተሰቡ ስኳርና ቡና፣ ለእሷ አሞሌ። ስለ አያያዟ የምታርሙት ካለ ልጆች ፊት ሳይሆን ለባለቤቱ ለብቻው፣ በቀስታ ንገሩ። ስታያችሁ ወደ እናንተ ካልሮጠች አይክፋችሁ። ከጓደኞቿ ጋር ቅጠል ላይ ነች ማለት ነው፤ የደከማችሁትም ለዚህ ነው።

ቤት ውስጥስ? ጋጣውን በዚያው ሳምንት አታፍርሱት፣ ዓመት ሙሉም አታቆዩት። ልጆቹ ሲስማሙ አብራችሁ አንሡት። ሌላ ግልገል ቶሎ አትግዙ፤ የሰጣችሁበት ምክንያት አሁንም አለ።

12. ነገሩ ካልሰመረ

አንዳንዴ አይሰምርም። ጠባቂው ልጅ ወደ ከተማ ይገባል፣ ሰውየው ይታመማል፣ ነባሯ ፍየል አላስቀምጥ ትላታለች። ስለዚህ ከመጀመሪያው ሁለተኛ ቤት በሐሳባችሁ ያዙ፤ ከእነዚያም ሰዎች ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ። "ማቆየት አልቻልንም" ያላችሁን ሰው አትውቀሱ፤ በሳምንት ውስጥ ሄዳችሁ ውሰዷት፤ አዲስ የጤና ምርመራም አድርጉላት። ስልክ ቁጥር ስትቀይሩ መጀመሪያ ለእነሱ ንገሯቸው።